በግንባሩ የተኛው ሕፃን

«ዝቅ አድርገው! ዳገት ላይ የፊተኛው ነው ዝቅ የሚያደርገው፤ ስንት ዘመን ልንገርህ?»

ጨፍኔ የገበታውን እጀታ ዝቅ አደረገ። ከኋላ የያዘችው ሚስቱም ከፍ አደረገች፤ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው ጥቅልል አንዴ ተንሸራተተና ተረጋጋ። የገዥው ግቢ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው። ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ወደ መንገድ ፈሷል። ሁለቱ ጣፋጭ ሠሪዎች በሚያልፉበት ሁሉ ሰው ወደ ግድግዳ እየተጠጋ መንገድ ይለቅላቸዋል፤ ወንዱ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሴቱ አጎንብሶ እጅ ይነሳል። ለእነሱ ግን አይደለም፣ ለተሸከሙት ነው። ልጃቸው ከታሰረ ወዲህማ እነዚሁ ሰዎች ደረቅ ሰላምታ እንኳ ይነፍጓቸዋል።

ገበታውን «ግርግም» ይሉታል። በላዩ የሚተኛው ጥቅልል በማር፣ በዱቄትና በተወቀጠ ለውዝ የሚጋገር፣ በመጠቅለያ የተጠቀለለ ሕፃን ቅርጽ ያለው ጣፋጭ ነው። በዚያ ዘመን ያለ እሱ ልደት ልደት አይባልም። ከላይ የሚነሰነስበት ነጭ ስኳር እናቱ የጠቀለለችበት ጨርቅ ነው፤ ማሩ ቃሉ ነው፤ ቀረፋው ከሩቅ የመጡት ነገሥታት ወርቅ፣ ሄሉ ዕጣናቸው ነው። ጠርዙ ላይ የሚሰካው ቅርንፉድ ሚስማር ይመስላል፤ ገና በተወለደበት ቀን ሚስማሩ ተዘጋጅቶ ነበር ለማለት ነው። ሦስተኛው እጅ መንሻ፣ ከርቤው፣ አይታይም። እሱ ከኮክ ፍሬ ውስጥ ተሰብሮ የሚወጣ አንድ መራራ አስኳል ነው፤ ሊጡ ውስጥ ይቀበራል። ከርቤ የሬሳ ሽቶ ስለሆነ፣ በልደቱ ቀን ሞቱን ማንም በዓይኑ እንዳያይ ነው ይላሉ ሽማግሌዎች።

ከርቤው የደረሰው ሰው አኝኮ ይውጠዋል። ከዚያ ቆሞ «ደርሶኛል» ይልና፣ ከበደሉት ሰዎች አንዱን በሁሉ ፊት ይምራል። ድሀ ከሆነ ጎረቤቱን፣ ጌታ ከሆነ እስረኛውን። እምቢ ያለ ሰው ታይቶ አይታወቅም። ስለዚህም ጋጋሪው ከርቤውን ሲቀብር ዓይኑን መጨፈን አለበት፤ ለማን እንደሚደርስ የሚያውቀው የተወለደው ብቻ ነው። ጨፍኔ ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ነው። አባቱ ጨፍኖ ቀበረ፣ እሱም ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ጨፍኖ ቀበረ። ሽፋሽፍቱ ሲላወስ ያየ የለም፤ አንዳንድ ቀልደኞች ሲተኛም እንደዚያ አይጨፍንም ይሉ ነበር።

ልጃቸው የገዥው ጎተራ ዘበኛ ነበር። በክረምቱ ረሃብ ሰው በር በር ላይ መውደቅ ሲጀምር የጎተራውን በር ከፈተው፤ ሕዝቡም በባርኔጣ፣ በቀሚስ ጫፍ፣ በጫማ ሳይቀር እህል ዝቆ ሄደ። ማን እንደከፈተ የተናገረው የጎተራው ባለ ቁልፍ ነው። ባለ ቁልፉ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ የጨፍኔ ታናሽ ወንድም፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ ያሳደገ አጎት ነው። ገመድ ሲያሳዩት የልጁን ስም ጠራ። ስቅላቱ ለበዓሉ ማግስት ተቀጠረ። በልደት ቀን ሰው አይሰቀልም፤ ገዥው ሃይማኖተኛ ሰው ነው!

እናትየው ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምትፈልገው። ከርቤው ለገዥው ይድረስ።

ጥቅልሉ የሚከፈለው እንደ ሕፃኑ አካል ነው። ራሱ የቄሱ፣ ደረቱ የመኳንንቱ፣ እግሩ በር ላይ ለተኮለኮሉት ድሆች። ቀኝ እጁ፣ የሚባርከው፣ የገዥው ነው። ግራ እጁ የሠሪዎቹ ነው። በጨፍኔ ቤት ደግሞ ሥራው ድሮ ተከፍሏል። ሊጡን ከእንጨት በተቦረቦረው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ የሚጠቀጥቀው፣ ከርቤውን በጀርባው በኩል የሚቀብረው፣ ጀርባውን ደፍኖ የሚገለብጠው ባል ነው። ሚስት የምትረከበው ሕፃኑ ከእንጨቱ ወጥቶ ፊቱን ወደ ላይ ካደረገ በኋላ ነው። ስኳሩን የምትነሰንስ፣ ቅርንፉዱን የምትሰካ፣ ግቢ ደርሳ በቢላዋ የምትቆርጥ እሷ ናት። ቅርጽ ማውጫው ውስጥ እጇን አስገብታ አታውቅም፤ እሱም ቢላዋዋን ነክቶ አያውቅም።

ዛሬ ጎህ ሲቀድ ጨፍኔ እንጨት ሊያመጣ ወደ ጓሮ ወጣ። ሕፃኑ ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በግንባሩ ተኝቷል፣ ጀርባው ገና አልተደፈነም። እሷም ጠጋ ብላ አየች። ከርቤው የገባበት ጎድጓዳ በስተቀኟ ነው። ስትቆርጥ ዘወትር በስተቀኟ የሚውለው ደግሞ የሠሪዎቹ እጅ ነው።

«ጨፍነህ ጨፍነህ መጨረሻ እኛው ላይ ጣልከው!» አለች በሆድዋ። በፀጉር ወስፌዋ ቆፍራ አወጣችው። በስተግራዋ ቀበረችው። ኃጢአት መሆኑን ታውቃለች፤ ግን ልጇን ሊሰቅሉት ነው፣ ለኃጢአቱ በኋላ ትደርስበታለች። ባሏ ከመመለሱ በፊት በተረፈው ሊጥ ጀርባውን ሁሉ ደፍና በመዳፏ አለሰለሰችው።

ጨፍኔ እንጨቱን ታቅፎ በሩ ላይ ቆመ። «ምን ነካሽ? ማን ደፍኚ አለሽ?»

«ላግዝህ ብዬ ነው። እጅህ ይንቀጠቀጣል ዛሬ።»

«አየሽው እንዴ?»

«ምኑን?»

«ኧረ ምንም» አለና እንጨቱን ጣለ። ቅርጽ ማውጫውንም ገለበጠው። እጁ እውነትም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ግን ብርዱ ነው ብላ አለፈችው። የራሱ ገመና ያስጨነቀው ሰው የሌላውን አያይም።

አሁን ዳገቱ አለቀ። የግቢው ዘበኞች ጦራቸውን ወደ ውጭ አዘንብለው በሩን ከፈቱ፤ ድሆቹ በግራና በቀኝ ተቀምጠው የእግሩን ድርሻ ይጠብቃሉ። እንጨት በሚነድበት ሰፊ አዳራሽ ውስጥ መኳንንቱ እንደ ማዕረጋቸው ተደርድረዋል፣ የተከበረው ወደ እሳቱ፣ ያልተከበረው ወደ በሩ። ገዥው ባለ ጥልፍ ካባውን ደርቦ፣ የቆዳ ጓንቱን ጭኑ ላይ ጥሎ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጧል። በቀኙ ቄሱ፣ በግራው እናቱ፣ ትልቋ እመቤት፣ አሉ። እመቤቲቱ ጆሯቸው ከብዷል፤ በዚህም ምክንያት በሹክሹክታ የሚናገሩት ሁሉ እስከ ደጅ ይሰማል።

«የጥቅልል ሠሪዎቹ ገብተዋል፤ ጌታዬ ይፍቀዱ!» አለ አጋፋሪው።

ገዥው እጁን አነሳ። ግርግሙን ከጠረጴዛው ላይ አኖሩት፤ ጨርቁ ተገለጠ። ሕፃኑ በነጩ ስኳር ተጠቅልሎ፣ ዓይኖቹን ከድኖ ተኝቷል። ሁሉም ተነስቶ እጅ ነሳ። ምሰሶው ሥር፣ ከሠሪዎቹ አጠገብ፣ ቁልፎቹን ወገቡ ላይ ያንጠለጠለው ባለ ቁልፍ ቆሟል። በበዓል ቀን ቁልፍ ከነጠባቂው አዳራሽ መታየት አለበት፤ የግቢው ወግ ነው። ከፍርዱ ወዲህ በጣም ከስቷል። ወደ ወንድሙ ሚስት ቀና ብሎ ማየት አልቻለም፤ እሷም አላየችውም፣ ማለቴ እያየችው አላየሁህም አለችው።

ቢላዋዋን ከመቀነቷ ፈታች። ሕፃኑን ተሳለመችና ቆረጠች። ራሱን ለቄሱ። ከዚያ በስተግራዋ ያለውን ቀኝ እጅ በብር ሳህን አድርጋ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ለገዥው አቀረበች። ገዥውም ሳህኑን ተቀበለና ቀና ብሎ አያት።

«የዘበኛው እናት ነሽ አይደል?»

«አዎን ጌታዬ።»

«ሥራሽን ሳታስታጉዪ መምጣትሽን ወድጄዋለሁ» አለ ገዥው። እንዲህ ያለ ሰው የሚያመሰግነው ሁልጊዜ እንዲህ ባለ ሰዓት ነው።

ደረቱ ለመኳንንቱ ታደለ። እግሩን አሽከሮች ወደ በር ወሰዱት። ግራ እጁ ብቻ ቀረ።

«የሠራ ይቅመስ!» ብሎ ጮኸ አጋፋሪው። ጥንት የመርዝ ፍራቻ ያመጣው ሥርዓት ነው፤ ሠሪው ሳይቀምስ ማንም አይጎርስም። የምትቀምሰውም ቆራጭዋ ናት። ከግራ እጁ ቆርሳ ጎረሰች። ዓይኗ የገዥው ሳህን ላይ ነው። ማሩ መጣ፣ ቀረፋው መጣ፣ ከዚያ በመንጋጋዋ መካከል አንድ ጠጣር ነገር ለሁለት ተሰበረ።

መራራ ነው። እስከ ጆሮዋ ሥር ድረስ መራራ።

ያን ጊዜ ገባት። ሕፃኑ ዛሬ ጠዋት በግንባሩ ነበር የተኛው። ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ በስተግራዋ የሚውለው ቀኝ እጁ፣ በግንባሩ ሲተኛ በስተቀኟ ይሆናል። ከርቤው ቀድሞ የነበረው ትክክለኛው ቦታ ላይ ነበር። በገዥው እጅ ላይ ነበር። ከልጇ ሕይወት ላይ ቆፍራ ያወጣችው ራሷ ናት። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች ይሉት ተረት ይኸው።

ገዥው ጎረሰ። ቄሱ ጎረሱ። አዳራሹ ሁሉ ማላመጥ ጀመረ፤ ሁሉም እያኘከ ሁሉን ይሰልላል።

«ደርሶኛል» ብትል ምን ይሆናል? እሷ መማር የምትችለው እሷን የበደለ ሰው ብቻ ነው። እሷን የበደለው ደግሞ እዚሁ በክንድ ርቀት ቆሟል። የዛሬው ምሕረት ለባለ ቁልፉ ይሆናል፤ ልጇ ነገ ይሰቀላል። ከርቤውን በምላሷ ገፍታ ጉንጯ ውስጥ አሸሸችው። ዝም አይነቅዝም። ማንም «እኔ ነኝ» ካላለ ሰው ወዴት እንደሚያይ ታውቃለች። ደርሶት መማር ያልወደደ ማን ነው ቢባል፣ አሥር እስረኛ ከያዘው ከገዥው ሌላ ማን ይጠረጠራል?

ቄሱ አፋቸውን ጠርገው ተነሱ። «ከርቤው ለማን ደረሰ?»

ዝም።

«ልጆቼ፣ ከርቤው ለማን ደረሰ?»

አንዱ መኰንን አንገቱን ነቀነቀ፤ ሌላው ባዶ አፉን እንደ በሬ እያመነዠከ አሳየ። የሳቀ የለም። ዓይኖች አንድ በአንድ ወደ ከፍተኛው ወንበር ዞሩ፤ ዞረው ደግሞ ቶሎ ወደ መሬት ወረዱ። ገዥው የሚታየው እሱ መሆኑን አወቀ። ጆሮው ቀላ።

«አንተ ልጅ» አሉ ትልቋ እመቤት፣ በሹክሹክታ። አዳራሹ ሰማ፤ በር ላይ ያሉት ድሆች ሳይቀሩ ሰሙ። «ደርሶህ እንደሆነ ተናገር እንጂ። አባትህም አንድ ዓመት እንዲሁ ውጦት ነበር፤ እስኪሞት ሆዱን እያመመው ኖረ።»

«አልደረሰኝም እናቴ።»

«አይ፣ እሱም እንዲሁ ነበር ያለው።»

ከበሩ በኩል ጉምጉምታ ተነሳ። ጨፍኔ ከሚስቱ ጎን ቆሞ ገዥውን ትክ ብሎ ያያል። ፊቱ ላይ ያለው ነገር ተስፋ ነው፤ ያን ያህል ተስፋ ሲያደርግ አይታው አታውቅም። ለምን እንደሆነ አልገባትም። መራራው ምራቋን አፈሰሰው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ላለመሳል ጥርሷን ነከሰች።

ገዥው ጓንቱን አንስቶ ጭኑን ሁለቴ መታ። ሰውየው ደደብ አይደለም። የተራበ ሕዝብ በር ላይ ተቀምጦ፣ ጌታው በልደት ቀን ከርቤ ውጦ ካደ ከተባለ፣ ነገ በስቅላቱ ቦታ ምን እንደሚከተል አስቦታል። ቀስ ብሎ ተነሳ።

«መልካም» አለ። «የደበቀው ሰው ከነሐፍረቱ ይቀመጥ። እንግዲያውስ ከርቤው ለእኔ እንደደረሰ ይቆጠርና፣ ያ ዘበኛ...»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ባለ ቁልፉ ነው ያላስጨረሰው። ከወንድሙ ሚስት በክንድ ርቀት ቆሞ የኮኩን አስኳል ሽታ ከትንፋሿ አሽትቶታል። ልጅ ሆኖ ከወንድሙ ጋር ዘሩን በድንጋይ ሲሰብር ያደገ ሰው ያን ሽታ አይስተውም። መጀመሪያ ዝም ብሎ ነበር። ከዚያ ግን ከርቤው ለእሷ የደረሰው እሱ ምሕረት እንዲያገኝ ነው ብሎ አሰበ መሰለኝ፤ ገዥው ምን ሊል እንደሆነም አልሰማም። ቁልፎቹ እየተንኳኩ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እትዬ! እትዬ በተወለደው ይሁንብሽ! አንቺ ጋ ነው፤ ሸቶኛል። ማሪኝ። እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አልበላ ብሎኛል። ስሙን የጠራሁት ፈርቼ ነው፣ ፈሪ ነኝ። ማሪኝና ልሙት!»

ልጁን በፍርሃት አሳልፎ ሰጠው፤ እናቱን ደግሞ በጸጸት። ያኛው ይሻላል ይኸኛው፣ እኔ አላውቅም።

አዳራሹ ተገልብጦ ወደ እሷ ዞረ። ገዥው ከወንበሩ ወረደ። ሲራመድ አልቸኮለም፤ ከላዩ ላይ ሸክም የወረደለት ሰው አረማመድ ነበር። ፊቷ ቆመ።

«አፍሽን ክፈቺ።»

ከፈተች። ምን ታድርግ? ሁለት የተሰበረ ቁራጭ፣ ቢጫና እርጥብ፣ ምላሷ ጎን ተቀምጧል። ቄሱ አይተው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«እኔ ዘንድ ምሕረት ፍለጋ መጣሽ» አለ ገዥው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ በር ላይ ያሉትም እንዲሰሙ። «የራስሽን ምሕረት ግን ጉንጭሽ ውስጥ ሸሸግሽ። አንድ ሰው፣ ያውም የባልሽን ወንድም፣ ልትምሪ አልወደድሽም። ሰው ሁሉ እኔን በክፉ እንዲያየኝ አደረግሽ። እናት የማትምረውን እኔ ምን ብዬ ልማር?»

«ጌታዬ፣ እኔን ይቅጡኝ። እሱ ምን አደረገ?»

«አልቀጣሽም። ልደት ነው።» ወደ ወንበሩ ዞረ። «ዋጪውና ማሪው። ወጉ ይፈጸም።»

ዋጠችው። ጉሮሮዋን ፍቆ ወረደ። እግሯ ላይ የተንበረከከውን ሰው የራስ ቅል፣ የሳሳውን ፀጉሩን አየችው። ልጇ በሕፃንነቱ ያን ፀጉር ጨብጦ ነበር ትከሻው ላይ የሚቀመጠው።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለች።

ድምፅዋ ወጣ እንጂ ልቧ አልነበረበትም። ባለ ቁልፉ ግን እውነት መስሎት አለቀሰ፤ ጫማዋን ሳመ፤ ተነሳና ቀለል ያለው ሰው መሰለ። ቄሱ ባረኩ። አጋፋሪው ወይን እንዲቀዳ አዘዘ። ብዙም ሳይቆይ ሰው መሳቅ ጀመረ፤ የተፈራው ነገር ሌላ ሰው ላይ ሲወድቅ የሚሳቀውን ዓይነት ሳቅ። ትልቋ እመቤት ብቻ አንድ ጊዜ «የዘበኛው ነገር ምን ሆነ?» ብለው ጠየቁ። አጋፋሪው ጽዋቸውን ሞላላቸው።

ባልና ሚስት ባዶውን ግርግም ይዘው ዳገቱን ወረዱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሰው ሁሉ በየቤቱ የበዓሉ ማዕድ ላይ ነው። ባዶ ስለሆነ አሁን ባርኔጣውን የሚያወልቅላቸው አልነበረም። እስር ቤቱ ጥግ ሲደርሱ ሁለቱም እርምጃቸውን አዘገዩ፤ መስኮቶቹ ከፍ ያሉ ናቸው፣ ሰው አይታይም። ቆመው ጠበቁ። ዘበኛው በአገጩ እለፉ አላቸው።

ወደ ቤታቸው ሲቃረቡ ጨፍኔ የገበታውን ጫፍ መሬት ላይ አኖረና ቆመ።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ቄሱ ዘንድ ሳልሄድ ላንቺ ልንገርሽ።»

«ምን?»

«ዘንድሮ አልጨፈንኩም።» ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ። «ዓይኔን ገልጬ ነው የቀበርኩት። ቀኝ እጁ ላይ፣ የገዥው ላይ። ደግሜ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ያለጥርጥር እዚያ ነው ያኖርኩት። እንዴት አንቺ ጋ ሄደ? ሊጥ ከርቤ ይዞ አይሄድም።»

እሷም የራሷን ጫፍ መሬት ላይ አኖረች።

«እግዜር ነው» አለ። «ሌላ ማን ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ጨፍኜለት፣ አንድ ቀን ብገልጥ አየኝ። ከኔ እጅ ወስዶ አንቺ አፍ ውስጥ አኖረው። በኔ ምክንያት ነው ልጁ... በኔ ዓይን ምክንያት ነው።»

መንገር ትችል ነበር። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ምሬቱም አብሮት ነበር፣ ስኳር ቢበላበት ውሃ ቢጠጣበት አልለቀቀም። ብትነግረው እግዚአብሔር ነፃ ይወጣል፤ ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ትቀራለች፣ እሱም ከእንግዲህ በየቀኑ የሚያያት እሷን ነው፣ ነገም፣ ከነገም በኋላ። በዚያ ቤት ውስጥ ከእንግዲህ ከሁለቱ በቀር ማንም አይኖርም።

ግርግሙን በበኩሏ አነሳች።

«አዎ» አለችው። «እግዜር ነው።»

ጨፍኔም የፊት እጀታውን አነሳ። ቁልቁለት ስለነበር፣ ማንም ሳይነግረው፣ ከፍ አድርጎ ያዘው።